የማይደርቀው ካፖርት

ጥር ላይ ዝንብ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግን የወይራ ማሰሮዬን ክዳን ባነሳሁ ቁጥር ሦስት አራት ዝንብ ከየት መጣ ሳይባል ይከበኛል። ባሕሩ ዘይት እንደፈሰሰበት ለጥ ብሎ ተኝቷል። ወደቡ ላይ ሽማግሌዎቹ ሹራባቸውን አውልቀው በሸሚዝ ተቀምጠዋል፤ ደስ ያለው ግን አንድም የለም። የእኛ ደሴት ሰው ብርድ ሲመጣ ያማርራል፣ ሲቀር ደግሞ ይፈራል።

በየዓመቱ ጥር ላይ ሰባት፣ ቢበዛ ዐሥራ አራት ሞቃት ቀን እናገኛለን። የወፏ ቀናት እንላቸዋለን። ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ወፍ ሆና በቋጥኝ ላይ እንቁላሏን ስትጥል፣ ጫጩቶቿ እስኪፈለፈሉ እግዜር ነፋሱን ይይዝላታል ይባላል። በእኛ ሰፈር ደግሞ በዚያ ሰሞን ባሕር ባላቸውን የወሰደባቸው ሴቶች የሟቹን ልብስ ከሳጥን አውጥተው ያሰጣሉ። ሰምጦ የቀረ ሰው ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነውና ለጥቂት ቀን እንኳ ይድረቅ ብለው ነው። ብርዱ ሲመለስ ልብሱ ይወርዳል። ያን ዕለት ሚስቲቱ ልብሱን አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ ከመለሰችው ለአንድ ዓመት እንደገና የእሱ ናት። ለሌላ ሰው ከሰጠችው ግን ነጻ ወጣች፤ ማንም አፉን አይከፍትባትም። ልብሱ ተሰቅሎ ሳለ በዚያ ቤት ስለ ጋብቻ አይወራም፤ ልብሱ ይሰማል። እርጥብ ልብስም ከገመዱ አይወርድም። ለምን ብትሉኝ አላውቅም፣ እናቴም አታውቅም ነበር።

ያ ዓመት ግን ጉደኛ ነበር። ሙቀቱ ከጥምቀት ማግስት ጀመረና ዐሥራ አራቱም ቀን አለፈ፣ ሃያውም አለፈ። በመስኮቴ ትይዩ፣ ከጠባቧ መንገድ ማዶ፣ የሚኬስ ልብስ እንደተሰቀለ ቀረ። አንድ ጥቁር ካፖርት፣ አንድ ግራጫ ሹራብ፣ ሁለት ሸሚዝ።

ሚኬስ የባሕር ስፖንጅ ጠላቂ ነበር። ጠላቂ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቅፎ ይወርዳል፤ ድንጋዩ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱን የያዘው ሰው ጀልባው ላይ ሆኖ ይቆጥራል። ጠላቂው ገመዱን ሲነቀንቅ፣ ካልነቀነቀም ቁጥሩ ሲሞላ፣ ያ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትታል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም፣ የሚኬስን ገመድ የያዘው የልጅነት ጓደኛው ሳኬላሪስ ነበር። ሲጎትት ድንጋዩ ብቻ ወጣ።

ሬሳው አልተገኘም። እናቱ እማማ አኔዞ ተዝካሩ እንዲወጣ አሻፈረኝ አሉ። "ሬሳውን አምጡልኝና ስንዴውን እቀቅላለሁ፤ በሕይወት ላለ ሰው ንፍሮ አይቀቀልም" ብለው ቄሱን ከደጃቸው መለሱ። ሚስቱ ቴሜሊና በሃያ ሦስት ዓመቷ ጥቁር ለበሰች፤ ሚስትም ሳትሆን መበለትም ሳትሆን ከአማቷ ጋር በዚያ ቤት ቀረች።

ሳኬላሪስንም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ገመድ የሚያስይዘው ካፒቴን ጠፋ። "እጁ ላይ ሰው ሞቶበታል" ይላሉ፤ በቃ። ጀልባ እየጠገነ ይኖራል። በየሳምንቱ ዓሣ ያጠምድና ጎህ ሲቀድ የእነ ቴሜሊና ደጅ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። እማማ አኔዞ ዓሣውን በጭራው ይዘው ለድመት ይወረውሩታል። አንድ ዓመት ሙሉ የሰፈራችን ድመቶች ሰቡ። በሁለተኛው ዓመት ድመቶቹ ከሱ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ቴሜሊና ቀድማ እየተነሳች ዓሣውን ታስገባ ነበር።

እንግዲህ ደብዳቤ ማመላለስ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ፎቲኒ ወሬኛዋ፣ ባሌ እንደሚለው። የገና በዓል ሊገባ ሲል ሳኬላሪስ አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ። ቴሜሊና ማጀቴ ውስጥ ቆማ፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "የአክስቴ ልጅ አውስትራሊያ ሥራ አግኝቶልኛል" ይላል። "በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ፒሬዎስ ወደብ በሚሄደው መርከብ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ነይ። ሦስት ዓመት ዓይንሽን ሰርቄ እያየሁ ኖሬአለሁ፤ ፊት ለፊት ሳላይሽ አልሙት።"

"ምን ልበለው?" አልኳት።

"ልብሱ ሲወርድ እመልስልሃለሁ በዪው" አለች። ፊቷ ግን መልሱን ነግሮኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ የዚያን ዕለት ወጥ አሳረርኩ።

ብርዱ እስከ ቅዳሜዋ እንደሚመለስ ያልጠረጠረ ሰው አልነበረም። አልተመለሰም። የበለስ ዛፎቹ አቆጠቆጡ። ልጆች ባሕር ገብተው ዋኙ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለሚከብድ መንደሩ እንደ ነሐሴ ሐሩር ጊዜ ምሳውን በልቶ ይተኛ ጀመር፤ በጥር የቀትር እንቅልፍ ተኝቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ያን ሰሞን ግን ተኛሁ። ቴሜሊና በየማለዳው ወጥታ ሰማዩን ታያለች፣ ከዚያ ካፖርቱን ትዳስሳለች፣ ከዚያ ትገባለች።

መርከቡ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ ማጀቴ ድረስ ሮጣ መጣች። ፊቷ ላይ ደም የለም። መዳፏን ዘረጋችልኝ።

"ቅመሺው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ዝም ብለሽ ቅመሺው!"

ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው።

"የካፖርቱ ነው" አለች። "ጠዋት ደርቆ ነበር፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። አሁን ይንጠባጠባል። ትናንትም እንደዚሁ፣ ከትናንት ወዲያም። ዝናብ የለ፣ ጤዛ የለ። ፎቲኒ… ሚኬስ እየመጣ ነው።"

 እንደ ልማዴ ቀልድ ሞከርኩ። "ሚኬስ ቢመጣማ መጀመሪያ የሚታየው ኡዞ አረቄ ቤቱ ነው፤ ያለበትንም ዕዳ ስለማይከፍል ጩኸቱን እንሰማ ነበር" አልኳት።

አልሳቀችም። "መጥቶ ይለብሰዋል" አለች። "ከባሕር ወጥቶ፣ ለብሶት፣ መልሶ ይሰቅለዋል። አትሂጂ እያለኝ ነው። ተኝቼ ሳለ እንኳ ደረጃው ላይ የውሃ ጠብታ ይሰማኛል። ትናንት ስሙን ጠራሁት።"

"ምን አለሽ?"

"ዝም።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ዝም ሲለኝ የባሰ ፈራሁ።"

እዚያው ማጀቴ ውስጥ አጭር ደብዳቤ ጻፈች። "ሚኬስ አልለቀቀኝም። አንተ ሂድ፤ በእኔ የተነሣ አትቅር።"  ወሰድኩለት። ሳኬላሪስ የተገለበጠ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ ስንጥቅ እየደፈነ አገኘሁት። አነበበው፤ ስለ ካፖርቱም ነገርኩት። ይከራከራል፣ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

"እውነቷን ነው" አለ። "እኔንም አልለቀቀኝም።"

እንዲህ ያለ ሰው ልትመቱት ያምራችኋል። ተቆጥቼ ተመለስኩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ መንደሩ ሲተኛ እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ ቁልቁል አየሁ። እማማ አኔዞ ከወደቡ በሚያወጣው ደረጃ እያዘገሙ ይመጣሉ። በእጃቸው ባልዲ አለ። ሁለት ደረጃ ይወጣሉ፣ ያርፋሉ፤ ሁለት ይወጣሉ፣ ያርፋሉ። ከገመዱ ሥር ሲደርሱ በእፍኛቸው ከባልዲው እየጨለፉ ካፖርቱን ያረጥቡ ጀመር። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና አሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

እማማ አኔዞ ከሚኬስ በፊት ባላቸውንም ባሕር ወስዶባቸዋል። ክንዳቸው የሸምበቆ ያህል ቀጥኗል። መልሰው ወደ ባልዲው ጎነበሱ። እኔም መጋረጃዬን መለስኩ።

ያን ጊዜ ወርጄ ለቴሜሊና መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ሴትየዋ አንጀቴን በሉት፤ ደግሞም አፌን ብከፍት የሚሰበረው ሰው ማን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። በወሬኛነቴ የሚያማኝ ሁሉ ይህን ይስማ። መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ዓርብ ቀትር ላይ፣ መርከቡ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሳኬላሪስ ብቻውን ወደ ሰፈራችን ወጣ። የእነ ቴሜሊና ቤት ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ከካፖርቱ ፊት ቆመና ቆቡን አወለቀ። መስኮቴ ገርበብ ብሏል፤ መስማት አልፈለግኩም ብል ውሸት ነው።

"ሚኬስ" አለ። "ነገ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ሳልነግርህ ብሄድ እዚያም ትከተለኛለህ።"

 ካፖርቱ አይነቃነቅም፣ ነፋስ የለም።

"እስከ መቶ ሃያ ነበር የምንቆጥረው። ሰማንያ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ሄደ። የት እንደሄደ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወደ ቤትህ ነው የሄደው። ጠዋት ከወደቡ ስንነሣ ነፋስ የቴሜሊናን ሻሽ ወስዶባት ስትስቅ አይቻት ነበር። እሷን ሳስብ ቁጥሩ ጠፋኝ። ስባንን ከየት እንደምቀጥል አላወቅኩም። ከዘጠና ጀመርኩ። ዘጠና ይሁን መቶ ሃያ ያለፈው፣ እግዜር ይወቀው። ሚስትህን እያሰብኩ ነው ያጣሁህ። ሦስት ዓመት በየቀኑ ከሰማንያ ጀምሬ እቆጥራለሁ፤ አንድ ቀንም ጨርሼው አላውቅም።"

ከቤቱ ጥግ የባልዲ እጀታ ድምፅ ተሰማ። እማማ አኔዞ ቆመዋል። ባልዲው ሞልቷል፤ እግራቸው ሥር ውሃ ፈሷል።

"አበቃህ?" አሉት።

ሳኬላሪስ ድንጋዩ ላይ ተንበረከከ። "እማማ፣ ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

"እሱን አንተም አታውቀው፣ እኔም አላውቀው" አሉ። ባልዲውን አስቀመጡ። "ሌላ የማውቀው ነገር ግን አለ። ሚኬስ ያውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ዓይንህን ነዋ! ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ያውቃል። እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ እየሳቀ፣ 'እማዬ፣ ሳኬላሪስ ሚስቴን ይወዳታል' አለኝ። ደሜ ፈላ። 'አንተ ጅል፣ ታዲያ ነፍስህን ለእሱ ታስይዛለህ?' አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?"

ሳኬላሪስ ቀና ብሎ አላያቸውም።

"'ለእሱ ካላስያዝኩ ለማን ላስይዝ? እሷን የሚወድ ሰው እኔን አይጥለኝም' አለኝ። 'እንድታለቅስ አይፈልግማ' አለኝ።"

ሳኬላሪስ ያቃሰተውን ዓይነት ድምፅ ከወንድ ልጅ ሲወጣ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አደረገ። እማማ አኔዞ ቁልቁል አዩት፤ ፊታቸው ላይ ርኅራኄም ጭካኔም ተቀላቅሎ ነበር።

"ይህን ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ" አሉ። "ብነግርህ ትድናለህ። እንድትድን አልፈለግኩም።"

በሩ ተከፈተ። ቴሜሊና በባዶ እግሯ ወጣች። ከመዝጊያው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ጉንጯ ያስታውቃል። መጀመሪያ ያየችው ሳኬላሪስን አልነበረም። ባልዲውን ነው።

"ምንድነው ይሄ?" አለች።

"የባሕር ውሃ" አሉ እማማ አኔዞ።

"እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ። ብርዱ ሲመለስ ደርቆ ከጠበቀሽ ታወርጂዋለሽ፣ ካወረድሽው ትሄጃለሽ።" ባልዲውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። "ልጄን አስቀርቼ መስሎሻል? ልጄማ ሄዷል። ያስቀረሁት አንቺን ነው። አንቺ ከሄድሽ በር ስከፍት 'እማማ፣ እርስዎ ነዎት?' የሚለኝ ድምፅ በዚህ ቤት የለም።"

ትጮኻለች ብዬ ፈራሁ። ባልዲውን ትገለብጠዋለች፣ አሮጊቷን ትሰድባለች፤ ብትሰድብም አልፈርድባትም ነበር። እሷ ግን እንደ ሕፃን ቀስ ብላ ጠየቀች።

"እንግዲያው ሚኬስ አልመጣም ማለት ነው?"

ወደ ካፖርቱ ቀና አለች።

"አንድ ቀንም?"

"አንድ ቀንም አልመጣም ልጄ" አሉ እማማ አኔዞ።

ያን ጊዜ ቴሜሊና ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች። ለቅሶዋ መንደሩን ከቀትር እንቅልፉ ቀሰቀሰው፤ መስኮቶች ሲከፈቱ ይሰማኝ ነበር። "ፈራሁት" ትላለች፤ "እንዳይመጣ ፈራሁት፣ ለካ ስጠብቀው ነው የኖርኩት! ስሙን ስጠራው መልስ እንዲሰጠኝ ነበር! ሚኬስ! ሞተሃል እንዴ ሚኬስ?" በሦስት ዓመቱ መርዶ የደረሳት በዚያች ቀትር ነው።

ሳኬላሪስ ተነሥቶ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ሊነካት አልደፈረም፤ ያ ካፖርት ከራሱ በላይ ተንጠልጥሏል።

"ያዛት እንጂ!" ብለው እማማ አኔዞ ጮኹበት። "ምን ቆመህ ታያለህ? ያዛት!"

ያዛት። አጥብቆ ያዛት፤ እሷም ለሌላ ወንድ የምታለቅሰውን ለቅሶ ደረቱ ላይ አለቀሰችው። እሱ አልከፋውም። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ሻሼን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ።

ቆይታ፣ እጁን ሳትለቅ፣ ፊቷን ጠረገች። "ነገ ሂድ" አለችው።

እጁን ሊስብ ሲል አጥብቃ ያዘችው።

"እምቢ አላልኩህም። ባሌ ዛሬ ነው የሞተብኝ። ከእናቱ ጋር ሆኜ ንፍሮውን ልቀቅልለት፣ አርባውን ላውጣለት። ሌላ ሰው ቤት ስገባ አልቅሼ የጨረስኩ ሴት ሆኜ መግባት እፈልጋለሁ። ከዚያ ጻፍልኝ።"

"ብጽፍልሽ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።" ወደ አማቷ ዞረች። "ብቻዬን ግን አልመጣም።"

"እኔን አትቁጠሪኝ!" አሉ እማማ አኔዞ። "ባሌም ልጄም እዚህ ባሕር ውስጥ ናቸው። የካንጋሮ አገር ሄጄ ምን ልሠራ?"

"አርባ ቀን አለን እማማ። ቀስ ብለን እንጣላበታለን።"

እማማ አኔዞ ወደ ገመዱ ሄዱ። ካፖርቱን አወረዱት። ውሃው ክንዳቸው ላይ ይወርዳል። እኔ ሞኟ ራሴን መግዛት አቃተኝና "እማማ! ብርዱ አልመጣም፣ እርጥብ ልብስም አይወርድም!" ብዬ ከላይ ጮኽኩ።

"ፎቲኒ፣ አንቺ መስኮትሽን ዝጊ!" አሉኝ ቀና ሳይሉ። ካፖርቱን በቀጫጭን እጃቸው ጨመቁት፣ አራገፉት፣ በሳኬላሪስ ክንድ ላይ አኖሩት። "መርከቡ ላይ አስጣው" አሉት። "እዚያ ነፋስ አለ። ይቅርታ ግን ገና አላደረግኩልህም፤ ይህን እወቀው።"

"አውቃለሁ እማማ" አለ። የሴትየዋን እጅ ሳመ። አልከለከሉትም።

ቅዳሜም ሞቃት ነበር። መርከቡ ወደቡ ላይ ሲቆም ቴሜሊና ጥቁሯን ለብሳ፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ በሰው ሁሉ መካከል አልፋ ውሃው ዳር ድረስ ሄደች። ሦስት ዓመት በሥርቆሽ የተያዩ ሰዎች ያን ዕለት በጠራራ ፀሐይ ተያዩ። ወደቡ በሙሉ ተንሾካሾከ፤ እሷ ዘወር ብላ አላየችም። እሱ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ መርከቡ ላይ ቆመ፣ እሷ እጇን አላነሳችም። መርከቡ ቋጥኙን እስኪያልፍ ብቻ ዓይናቸው አልተነቀለም።

ከዚያ በኋላ እንባዋ ወረደ፤ ያለ ድምፅ፣ ብዙ። ጠጋ ብዬ ክንዷን ያዝኩ። ጠያቂነቴ መቼም አይለቀኝም።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለሁለቱም" አለች ቴሜሊና፣ ሰው ሁሉ እየሰማት። "ለሁለቱም ነው ፎቲኒ። ከእንግዲህ አልደብቀውም።"